ትርንጎን ያስቀረኋት እኔ ነኝ

ባለፈው ሰኔ ጡረታ አወጡኝ። ድንኳን ተተከለ፣ ጋቢ ለበስኩ፣ በመስተዋት የተከደነ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። አንዱ ሹም ማይክ ጨብጦ፣ «ጋሽ አንማው በዚህ ሁሉ የአሠልጣኝነት ዘመናቸው አንድም ልጅ ሜዳ ላይ ጥለው አያውቁም» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ጋቢዬ ውስጥ ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ። ከኋላ አግዳሚው ላይ ትርንጎ ተቀምጣለች፤ እሷም ታጨበጭባለች።

ውሸት ነው። አንድ ልጅ አስቀርቻለሁ፤ ያውም ከሁሉም የምትበልጠውን። ሹሙ አያውቅም እንዳልል፣ በከተማችን በቁይ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። በሞተ ሰውና በጡረተኛ ላይ ክፉ አይነገርም ብሎ ነው። እኔ ግን ገና አልሞትኩም። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ የተማርኩትም በእሷ ምክንያት ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደነበረ እጽፈዋለሁ። ደስ የማይለው አያንብበው።

ትምህርት ቤቱ የገባሁት በዘበኝነት ነው። የደመወዝ ወረቀቴ እስከ መጨረሻዋ ቀን «ጥበቃ» እንጂ «አሠልጣኝ» ብሎኝ አያውቅም፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም። ሥራዬ በር መክፈትና መዝጋት፣ ከግቢ ከብት ማባረር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመረብ ኳሱን መረብ መወጠር ነበር። መወጠር ያስተማሩኝ መምህር ስመኘው ናቸው። የስፖርት አስተማሪ ነበሩ፤ የደብረ ኤልያስ ሰው፤ ቀጭን፣ አንድ እግራቸውን ትንሽ የሚጎትቱ፣ ቃል የሚቆጥቡ።

ሜትር አልነበራቸውም። ሁለት ቦታ የተቋጠረች የሲባጎ ገመድ ነበረቻቸው፤ አንዷ ቋጠሮ የወንዶቹ ከፍታ ናት፣ ሌላዋ የሴቶቹ። መረቡን ወጥሬ ስጨርስ አንዱን ጫፍ ይለካሉ፣ ሌላውን ጫፍ ይለካሉ፣ ከዚያ መሐሉን ይለካሉ፣ ከዚያ ያለ ሌላ ቃል «ፍታው» ይሉኛል። ፈትቼ እንደገና እወጥራለሁ። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ቢያስፈቱኝ ተናድጄ፣ «ለጣት ያህል ነገር!» አልኳቸው።

«መሐሉ በጣት ከረገበ ልጁ ያልዘለለውን የዘለለ ይመስለዋል» አሉኝ። «ሌላ ከተማ ሄዶ ትክክለኛ መረብ ሲያገኝ ማን ይመልስለታል? አንተ?»

ፊሽካ አይነፉም። አዲስ ልጅ ሲመጣ ኳስ አይሰጡትም፤ ከጨርቅ የተቋጠረ፣ ውኃ ውስጥ የተነከረ ክብ ነገር ይሰጡታል፤ ጣቱ እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት እሱን ይወረውራል፣ ይቀበላል። ከሰዓት በኋላ የቁይ ነፋስ ሲነሳና ልጆቹ ሲያማርሩ፣ «ነፋሱ ለሁለቱም ወገን ነው የሚነፍሰው፤ ቀድሞ ያወቀው ይጠቀምበታል» ይሉና ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ልጆቹ ሲቀባበሉ ጀርባቸውን ሰጥተው መቆማቸው ነበር። የናቋቸው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠሩኝ።

«አንማው፣ ዙርና ስማ።»

ዞርኩ።

«ምን ሰማህ?»

«ኳስ ነዋ።»

«እሱማ በሬም ይሰማዋል። አንድ ድምፅ ነው ሁለት?»

ያኔ ገባኝ። ኳስ በሁለቱም እጅ ጣቶች እኩል ከተነካ አንድ ድምፅ ነው የሚሰጠው፤ ያውም ልስልስ ያለ። አንዱ እጅ ከቀደመ ሁለት ድምፅ ይሆናል፤ ዳኛ ያስቆመዋል። መዳፍ ከነካው ጥፊ ይመስላል። ዓይን ይታለላል፤ የልጁን መልክ፣ የልጁን ማልያ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ያያል። ጆሮ ይህን ሁሉ አያውቅም። ወር ሳይሞላ ጀርባዬን ሰጥቼ ማን እንደነካው፣ በየትኛው ጣት እንደተሳሳተ መናገር ጀመርኩ። መምህር ስመኘው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወሩ ገመዷን ሰጡኝ። «ልጆቹን አንተ ያዛቸው» አሉኝ። «ግን ፊደል ቁጠር። ጆሮህ ለኳስ ይበቃል፤ ለወረቀት አይበቃም።»

«እሺ» አልኳቸው። አልቆጠርኩም።

ከእሳቸው በኋላ የመጡትን ርዕሳነ መምህራን አልዘረዝርም። አንዱ «ዘበኛ ያሠለጥናል እንዴ?» ብሎ አባረረኝ። ልጆቹ ለሌላ ሰው አንጫወትም ሲሉ መለሰኝ፤ ዋንጫ ስናመጣ ደግሞ ፎቶው ላይ መሐል ገብቶ ዋንጫውን የያዘው እሱ ነው። ሌላው የመረቡን ቋሚ ነቅሎ ለሽንት ቤት በር መቃን አደረገው። ነቅዬ መልሼ ተከልኩት። በማግሥቱ ነቀለው። መልሼ ተከልኩት። ለሦስተኛ ጊዜ አልነቀለውም።

ማንበብ አለመቻሌን እንዴት ሸሸግሁ? ሰው ከፈለገ ሁሉን ይሸሽጋል። የተሰላፊዎችን ዝርዝር ለዳኛ መስጠት ሲያስፈልግ አንዷን ልጅ እጠራና «ኃላፊነት ልመጂ፣ አንቺ ሙዪው» እላለሁ። ሞልታ ስታመጣ ወረቀቱን ትንሽ አርቄ አያለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ «ጎበዝ» እላለሁ። ደብዳቤ ሲመጣ መነጽሬን ረስቻለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ፊርማዬን እንደ ሐረግ ሥዕል ተለማምጄው ነበር፤ ያማረ ፊርማ ነው፤ የተማሩትም አይደርሱበት።

ትርንጎ የመጣችው ስድስተኛ ክፍል ሆና ነው። አባቷ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርስ ሰው ነው። ኳስ የማንሳት ሥራ ሰጠኋት፤ ማለትም የመጣውን ኳስ ከፍ አድርጋ ለመቺዋ የምታመቻች ናት። ለመቺዋ ሁሉ ሰው ያጨበጭብላታል፤ የምታነሳዋን ግን የሚያውቃት ጨዋታውን የሚያውቅ ብቻ ነው።

ልምምድ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ስቆም እናትነሽ የምትባል የቡድኑ ቀልደኛ፣ «ጋሼ፣ መልካችን ቢያስጠላዎት ነው ጀርባ የሚሰጡን?» ትለኛለች።

«ያሁኗ ሁለት ድምፅ ነበረች። አንቺ ነሽ።»

«ኧረ ነፋሱ ነው ጋሼ።»

«ነፋስ እጅ የለውም። ድገሚው።»

«ሲያረጁ ጆሮ ይደክማል ይባላል፤ የእርስዎ ባሰበት።»

ትርንጎን ግን አልሰማትም ነበር። ኳሷ እጇ ላይ ትደርሳለች፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ የመቺዋ ጥፊ ይመጣል። በመሐል ያለው ዝምታ እሷ ናት። እንዲህ ያለ እጅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም።

ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ለአንድ የስፖርት ማሠልጠኛ ማዕከል ልጆች የሚመለምሉ ሰዎች ደብረ ማርቆስ እንደሚመጡ ሰማን። የተመረጠ ልጅ እዚያው ይኖራል፣ ይማራል፣ ይሠለጥናል፤ ከዚያ ወደ ክለብ ነው። አባቷን አንድ ዓመት ሙሉ ለመንኩት። በመጨረሻ፣ «አያ አንማው፣ አንተን አክብሬ ነው» አለኝ። «ከተቀበሏት ትሂድ። ካልተቀበሏት ግን ሁለተኛ ኳስ የሚባል ነገር እቤቴ ደጃፍ አልሰማም።» ተስማማን። ልጅቱም ሰምታለች። እንዳትቀር ነበር ነገሩ ሁሉ፤ ከቀረች ለዘለዓለም ነው።

የዕድሜ ማስረጃ ያስፈልጋል ተባለ። የልደት ወረቀት ያኔ ማን አለው? ያጠመቋት ቄስ ይበልጣል ዘንድ ሄድኩ። ቄሱ ጻፉልኝ፣ ማኅተም አደረጉበት። ከትምህርት ቤት ካርዷ ጋር በላስቲክ ጠቀለልኩና ኪሴ ከተትኩ።

በማለዳ መናኸሪያ ደረስን። ሰው ሞልቷል። እናቷ በሶ ቋጥራላታለች፤ ትርንጎ አዲስ ሸራ ጫማዋን እንዳይቆሽሽ በእጇ ይዛለች። አውቶቡሱ ሊሞላ ሲል ጠጋ አለችኝ።

«ጋሼ፣ ወረቀቶቹን ልያቸው?»

«ምኑን ልታዪ?»

«እንዲያው ቄስ ይበልጣል ምን ብለው እንደጻፉ።»

«አይቼዋለሁ።»

ኪሴን አየች። «እሺ ጋሼ» አለችና ገባች።

ይህች ናት። ሌላው ሁሉ ከዚህች የመጣ ነው። አሁንም ሳስበው ያቺን «አይቼዋለሁ» ያለ አፍ በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ደብረ ማርቆስ ረፋዱ ላይ ፈተኗት። ሮጠች፣ ዘለለች፣ ኳስ አነሳች። ከመልማዮቹ መሐል አንዲት ሴት ነበረች፤ መጻፏን ትታ ቆመች። «ይህችን ማን ነው ያስተማራት?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኩ። ደረቴን ነፍቼ። ትርንጎ የመጀመሪያዋ ሆና ተጠራች። የቀረው ወረቀት ብቻ ነበር።

ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረጋቸው።

«ወለተ ሰንበት የታለች?»

ትርንጎ፣ «እኔ ነኝ» አለች።

«ትርንጎስ?»

«እሷም እኔ ነኝ።»

«ሁለት ሆነሽ ነዋ የመጣሽ። አንዷ ትግባ፣ አንዷ ትመለስ።» አጠገቡ ያሉት ሳቁ።

«የክርስትና ስሟ ነው» አልኩ።

«አባት፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ አውቃለሁ። ግን ቄሱ የጻፉት የክርስትና ስሟን ብቻ ነው። የአባቷንም እንደዚሁ። ትርንጎ የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ የለም። በሌላ ሰው ወረቀት ዕድሜውን ቀንሶ ስንቱ መጣብን መሰለዎት? ከቤት ሲነሱ አላነበቡትም?»

«አንብቤዋለሁ» አልኩ። በአንድ ቀን ሁለተኛዬ ነበር።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ቀበሌው ጽፎ ማኅተም ካደረገበት ነገ እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ አለ። ትርንጎን አክስቷ ቤት ትቻት ሮጥኩ። አውቶቡስ የለም፤ ማዳበሪያ በጫነ መኪና ቁይ ስገባ ቀበሌው ተዘግቷል። ሊቀ መንበሩ ተዝካር ሄዷል። ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት፤ ሦስት ሰዓት አለፈ፣ መጣ። ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ጸሐፊው ጋ ነው፤ ጸሐፊው ገበያ ነው። ወረቀቱን ይዤ ደብረ ማርቆስ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

ትርንጎ በሩ ላይ ቆማለች። ጫማዋን አውልቃ ማሰሪያውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች።

«ሄዱ?»

«ሄዱ። እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቁ ጋሼ፤ ከዚያ ተጠባባቂዋን ጻፉ።» ፊቴን አየችና፣ «መጥፎ ሰዎች አይደሉም» አለችኝ። እኔን ታጽናናለች።

ቁይ እንደገባሁ ቄስ ይበልጣል ላይ ጮህኩባቸው። እርጋታቸው አበሸቀኝ። «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን በምታውቃት ስም ጻፍኩ። የዓለም ስሟ ይጨመር ብትለኝ አልጨምርም ነበር? እፊትህ አይደል የሰጠሁህ? ተቀብለህ ዓይንህን ጣል አድርገህ፣ ደህና ነው ብለህ ሄድህ።» እውነታቸውን ነው። ደህና ነው ብዬ ሄጃለሁ። ፊደል የቆጠረ ሰው፣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ እንኳ፣ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ያየው ነበር።

አባቷ ቃሉን ጠበቀ። ትርንጎ ከዚያ ወዲያ ሜዳው ጋ ስታልፍ እንኳ ቀና ብላ አላየችም። ጀርባዬን ሰጥቼ ስቆም ያ ዝምታ ጠፋ፤ የሌላው ሁሉ ድምፅ ጆሮዬን አደነቆረው።

በዚያው ዓመት የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ መምህርት ጥሩዬ ዘንድ ሄድኩ። ልጆቹ ወጥተዋል፤ ሰሌዳ ትጠርጋለች።

«ምን ልርዳዎት ጋሽ አንማው?»

«ፊደል።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ፊቴን አይታ አቆመች። ከሀ እስከ ፐ በቃሌ አውቅ ነበር። ስንት ዓመት በመስኮቷ ሥር ቆሜ ልጆቹ ሲጮኹ ሰምቼዋለሁ። የማላውቀው የትኛው ድምፅ የትኛው ቅርጽ እንደሆነ ነው። ትንሿ ወንበር ላይ ተጣጥፌ ተቀመጥኩ። ከክፍል ውጭ ያሉ ልጆች በመስኮት እያዩ «ዘበኛው ወደቀ፣ አንደኛ ክፍል ደገመ» ብለው ተሳለቁ። ይሳለቁ። ያ የቄሱ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን አወጣሁትና ጣቴን እያስሄድኩ «ወ፣ ለ፣ ተ» አልኩ። ከዚያ የትምህርት ቤት ካርዷን። አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር። ማንበብ እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ለማየት ያህል ብቻ አጠገብ ላጠገብ ቢቀመጡ አይመሳሰሉም። እኔ ይህንንም አላደረግሁም። ማየትም ፈርቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ደንብ አወጣሁ። ከቁይ ለሚወጣ ለማንኛውም ውድድር፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ወረቀት ራሱ ይዞ፣ ጓደኞቹ ፊት ቆሞ፣ ከላይ እስከ ታች ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ዕድሜውን። የተሳሳተ ካለ እዚያው ይታያል። አሠልጣኝ «አይቼዋለሁ» ማለት ክልክል ነው። በዚህ ደንብ ስንቱን ስህተት ከመናኸሪያ መለስነው። ከኔ ልጆች ክለብ የገቡ አሉ፤ ሹሙ በድንኳኑ ስማቸውን ጠርቷል፤ አልደግመውም።

አሁን በቦታዬ የመጣው ልጅ ዲፕሎማ አለው፣ ፊሽካ አለው፣ ቀይና ቢጫ የፕላስቲክ ምልክት አለው። ጨዋ ነው። ሥራውን ሳስረክበው ስለ ደንቡ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ያ እኮ ጊዜ ይበላል» አለኝ። «አሁን ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተን ነው የምንልከው።»

«ማን ያነበዋል?»

«እኔ አየዋለሁ።»

ልመታው ደረስኩ። ወጥቼ ሄድኩ።

የሄድኩት ወደ ቤቴ ነው፤ ከቤት ግማሽ ጆንያ ስንዴ ተሸክሜ ወደ ወፍጮ ቤት። ትርንጎ እዚያ ሚዛን ላይ ነው የምትሠራው። የሁለት ልጆች እናት ናት። ስንት ዓመት እህል እያስፈጨሁ ተመላልሻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ ከማለት በቀር ምንም ተናግሬያት አላውቅም። ያን ቀን ተናገርኩ። ወፍጮው ይጮኻል፤ ጮኼ ነው የተናገርኩት።

«ትርንጎ፣ ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር።»

የአንዲት ሴትዮ ቋጠሮ ሚዛን ላይ አስቀምጣ ቁጥሩን ታያለች። ዞርም አላለች።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አንድ ቀን እናትነሽ የተሰላፊ ዝርዝር ላይ የአባቷን በሬዎች ስም ጻፈችበት። ቦራ፣ ዳለቻ፣ ጠቋር፣ እያለች ስድስት። እርስዎ አዩትና ጎበዝ አሉ።» ትንሽ ፈገግ አለች፤ ቶሎ ጠፋ። «ዳኛው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ቀይረን ጻፍነው። ከዚያ ማንም እንዳይስቅ፣ ለማንም እንዳይነግር ስድስታችን ተማማልን።»

ጆንያዬ ላይ ተቀመጥኩ።

«መናኸሪያው ላይስ? ታውቂ ነበር?»

«ቄስ ይበልጣል ሲጠሩኝ በክርስትና ስሜ ነው። እንደዚያ ብለው እንደሚጽፉ ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነጠቅሽኝም?»

አሁን ዞረች። «ከእርስዎ እጅ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

ተናደድኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ ማልቀስ ሲገባኝ ተናደድኩ። በልጅቱ ተናደድኩ፣ በመሐላቸው ተናደድኩ፣ ልጆቻችንን ታላቅ አክብሩ፣ አታሳፍሩ፣ እፊቱ አትናገሩ እያልን ያሳደግን ሁላችን ላይ ተናደድኩ። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለአንድ ዘበኛ ኩራት ብላ ዕድሜዋን ስትጥል «ጨዋ ልጅ» እንላታለን። ጨዋነት ይሄ ከሆነ ባለጌ ልጅ ይስጠን።

«መስደብ ነበረብሽ» አልኳት። «ደንቆሮ፣ አምጣው ብለሽ መንጠቅ ነበረብሽ።»

«እኔም እንደዚያ አስቤያለሁ ጋሼ። ስንት ዓመት ተናድጄብዎታለሁ። ኳስ ሲነካ በሰማሁ ቁጥር። ድንኳኑ ውስጥ ሳጨበጭብም ተናድጄ ነበር።» እጇን በሽርጧ ጠረገች። «አሁን ግን ሰው ወረፋ ይዟል። ከጆንያው ላይ ይነሱልኝ።»

ተነሳሁ። ጆንያውን ላግዛት ስል አልጠበቀችኝም፤ በሁለት እጇ አንስታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ሃያ ሦስት ኪሎ» አለች። «ቀጣይ።»